መጀመሪያ ራዲያተሩን፤ ሰባተኛ ጋራዥ ውስጥ የተማርኩት
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች «ከሥራ ልምድህ ለሌላው የሚጠቅም ነገር ተናገር» ሲሉኝ ብዙ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሥራዬ ባወራ ከምሳ በኋላ ስለሆነ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ስለዚህ ስለ መኪናዬ ላወራ ነው። ጠዋት ስትገቡ አይታችሁታል፤ በር ላይ የቆመው ነጩ ላንድክሩዘር ነው። «ይሄ ሰውዬ መኪናውን ሊያሳየን ነው እንዴ?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። የማወራው ስለ መኪናው ማማር አይደለም። በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ፣ አምስት ኪሎ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ሙቀትና ስለ ኃይል ተምሬ፣ እናቴንና ቤተሰቤን ዓባይ በረሃ ላይ ለአደጋ እንዴት እንዳጋለጥኩ ነው የማወራው። መርካቶ ሰባተኛ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ያንን ቀን ከሁለት ዓመት በፊት እንዴት እንዳዩትም ጭምር።

እኔ የተመረቅኩት በ1987 ዓ.ም. ነው። በእኛ ዘመን ላንድክሩዘር የሚባለው መኪና የሁለት ዓይነት ሰዎች ነበር፤ የባለሥልጣንና የዕርዳታ ድርጅት። ተማሪ ሆነን ከግቢው በር ላይ ቆመን አንድ ላንድክሩዘር ካለፈ ጭውውቱ ለአፍታ ይቋረጥ ነበር። ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። «ቪ ኤይት» የሚለው ቃል በከተማችን የሞተር ስም መሆኑ ቀርቶ የሹመት ስም ሆኗል። እና ሰው የልጅነት ምኞቱን አይረሳም። በ2000 ዓ.ም. አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ያጠራቀምኩትንም የተበደርኩትንም ይዤ ገባሁና አንዱ ደረሰኝ። እ.ኤ.አ. የ1995 ሥሪት፣ 80 የሚባለው ሞዴል። ቶዮታ ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ነው ያወጣው፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም ራሱ ግን ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ይህ ሞተር በአገራችን ገጠር ያልደረሰበት ቦታ የለም።

እንግዲህ የድርጅት መኪና እንደምታውቁት ገላጣ ነው። ወንበሩ ጨርቅ፣ ወለሉ ላስቲክ፣ መስኮቱ በእጅ የሚዞር። እኔ ግን የገዛሁት እንደዚያ ልነዳው አልነበረም። እንደ ሹም መኪና ላደርገው ነበር። የቆዳ ወንበር፣ በዳሽቦርዱ ላይ እንጨት መሳይ ጌጥ፣ ሰፊ ቸርኬ፣ ትልልቅ ጎማ፣ ከፊት የብረት መከላከያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቱርቦ።

ቱርቦ ለምን እንደፈለግኩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው። ፋብሪካው 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው ያለው ሞተር፣ እንጦጦን ሲወጣ ያለው 100 ያህል ብቻ ነው። የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያለከለከ ሲወጣ የትኛውም ሚኒባስ ይቀድመዋል። ቱርቦ ደግሞ ያንን የጎደለ አየር ጨምቆ ይመልሳል። ስለዚህ ሐሳቤ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ቁጥሩንም በደብተር ላይ አስልቼዋለሁ። ያላሰላሁት የቀረውን መኪና ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ላንድክሩዘር ከሆነ ሰባተኛ ያሉትን ጋሼን አሳያቸው» አለኝ። ሰባተኛን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም የማይርቅ የአዲስ ከተማ ሰፈር ነው። ጋራዡ ሁለት መኪና የሚያስገባ የቆርቆሮ ግቢ ነው፤ ሦስተኛው መኪና መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። ምልክት የለውም። ምናለሽ ተራ አሮጌውን ብረት ሲቀጠቅጥ ይሰማል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ መለዋወጫ የሚያመጣ ልጅ ሁሌ በር ላይ አለ። ጋሼ ያኔ ስድሳን ተሻግረዋል። በልጅነታቸው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ሆነው ገብተው፣ ከዚያ ወዲህ ከሞተር ተለይተው አያውቁም። ትምህርታቸውን «አራተኛ ክፍል፤ እሱም በማታ» ይላሉ።

መኪናዬን አስገባሁ። ጋሼ ግማሽ ሰዓት ያህል ዞሩት፤ ምንም አልነኩም። ሞተሩን አስነሡና ጭሱን አዩ። እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ ከላይ አደረጉ፣ ቀጥሎ ከታች አደረጉ። ጎንበስ ብለው ከኋላ ከሥር አዩ። ከዚያ «ምን እንዲሆንልህ ነው የፈለግከው?» አሉኝ። ቱርቦ፣ ጎማ፣ ከፍ ማድረግ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኢንጂነር መሆኔንም ነገርኳቸው፤ እንዴት ይቀራል? ሲሰሙ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ቱርቦው ይገባል። ግን መጀመሪያ ራዲያተሩን። ከዚያ ፍሬኑን። ከዚያ ቺንጊያውን እንይ። ቱርቦ የመጨረሻ ነው። አንድ ሁለት ወር ስጠኝ።»

ሁለት ወር! እኔ በልቤ «ሰውዬው ገንዘብ ሊያበዙ ነው» አልኩ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ «አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው ለእኔ ስለ ሙቀት ያስተምረኛል?» የሚልም ነበረበት። አመስግኜ ወጣሁ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሁሉንም እንሠራለን ያለ ሌላ ቦታ አገኘሁና ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም በዋናነት የእነሱ አልነበረም። ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት።

በሳምንቱ መኪናው ሌላ ሆኖ ወጣ። በሁለት ኢንች ከፍ ብሏል። ጎማው በዲያሜትር ከፋብሪካው በ11 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ቆዳ ወንበሩ ይሸታል። ቱርቦው ደግሞ እንጦጦን በሦስተኛ ያስወጣው ጀመር። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም። የፓርኪንግ ልጆች «ጌታዬ» ይሉኝ ጀመር። ሠርግ ቤት ስሄድ ሙሽራውን ለመያዝ ይጠይቁኛል። አንድ የድሮ መምህራችን፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፣ «አንተ ተሾምክ እንዴ?» ብለውኛል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሄደ። ከተማ ውስጥ ስለሆነ ምንም አልታወቀም።

በ2002 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን እናቴን ደብረ ማርቆስ ወደ ዘመዶቿ ላደርሳት ወጣን። መኪናው ውስጥ ሰባት ነን፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ እህቴና የእህቴ ባል። ፖርቶመጋላው ላይ የበዓል ዕቃ ተከምሯል። እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ ጥሩ ነው። ከዚያ ዓባይ በረሃ ይጀምራል። ለማታውቁት፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን፣ በ2001 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል።

እስቲ እንደ ድሮው አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ እንሥራ። ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ምን ያህል ኃይል መጥፋት አለበት? ወደ 30 ሜጋጁል። ይህ 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። መምህሮቼ እዚህ ስላሉ ደግሜ አስልቼዋለሁ። ከዚህ ኃይል ነፋሱና የሞተሩ መያዝ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ፍሬኑ መብላት አለበት። ማርሹ ዝቅ ያለ ከሆነ ሞተሩ ብዙውን ይወስዳል። እኔ ግን አዲሱን ጉልበቴን አምኜ በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬን ላይ ጥዬ ነው የምወርደው። ጎማው ስለተለቀ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ 80 ሲል መኪናው የሚሄደው 89 ያህል ነው።

ግማሹን ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። እህቴ «ምንድነው?» አለች፤ «የሌላ መኪና ነው» አልኳት። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወደ ታች ሰመጠ። ልክ ስፖንጅ እንደ መርገጥ ነው። ከፊት ለፊቴ አንድ ተሳቢ አለ፤ በስተቀኝ ገደል ነው። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ እየጮኸ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ። ፍሬኑን ደጋግሜ ሳመታው ትንሽ መለሰ። ተሳቢው በእግዚአብሔር ቸርነት ራሱ ጠርዝ ይዞ ነበርና በጎኑ አለፍን። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ከግራው ተራራ ጋር አስጠግቼ አቆምኩት። ማንም አልተናገረም። ልጄ ብቻ «አባዬ፣ ደረስን?» አለች።

ጎማው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። ከዚያ ቀስ ብለን ድልድዩን ተሻገርንና የደጀንን ዳገት ጀመርን። እዚህ ላይ ደግሞ ቱርቦዬ ሊክሰኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ መኪናው ሙሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በረሃ ቶሎ መውጣት ፈልጌ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረገጥኩ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ላይ ነበር። መሐል ላይ ቆየ፣ ቆየ፣ ድንገት ወደ ቀዩ ዘለለ። ስቆም ከፊት እንፋሎት ወጣ። ያ ሞተር ከዚያ በኋላ በራሱ አልተነሣም። አንድ አይሱዙ ጎትቶ ደጀን አደረሰን።

እናቴ ከደጀን በአውቶቡስ ሄደች። በዓሉ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስም «እመጣለሁ፣ እወስድሻለሁ» ብላት «ተወኝ፣ በአውቶቡስ እመጣለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባ። የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ጋሼ በሩ ላይ ሆነው ሲያዩኝ «ነግሬህ ነበር» አላሉም። «ሰው ተጎድቷል?» ብቻ ነው ያሉት። «የለም» ስላቸው «እንግዲያው ሁሉም ይሠራል» አሉ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ከጎናቸው ቆምኩ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ መኪና ያላችሁ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ ራዲያተሩ። ያን ቀን እጃቸውን ከላይና ከታች ያደረጉት ለካ የሙቀቱን ልዩነት ለመለካት ነው። ከፊሉ ቱቦ በዝገትና በውኃ ኖራ ተደፍኖ ስለነበር አንዱ ጎን ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ነበር። ለ100 ፈረስ ጉልበት እንደምንም የሚበቃ ራዲያተር ነበር፤ እኔ ሌላ 40 ጨመርኩበት።

ሁለተኛ ክዳኑ። የራዲያተር ክዳን ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም አያስበውም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ያንን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የእኔ ክዳን ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊት አይይዝም ነበር። በሌላ አነጋገር ባሕር ዳርቻ ላይ ችግር የማይፈጥር ክዳን እዚህ ደጋ ላይ ሞተር ይገድላል።

ሦስተኛ ቴርሞስታቱ። አልነበረም! ከድርጅቱ ዘመን ጀምሮ ይሁን በኋላ፣ አንድ ሰው «አገራችን ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ብዙ ጋራዥ እንዲህ ያደርጋል። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ከመክፈቱም በላይ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀርና ትኩሱ ውኃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

አራተኛ መርፌው። እንደ ኢንጂነር አምኜው የነበረው መለኪያ፣ ነጂ እንዳይጨነቅ ተብሎ ሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም የተሠራ ነው። ሲንቀሳቀስ ነገሩ አብቅቷል።

አምስተኛው ግን ላቤን ያመጣው ነው። ጋሼ ከመኪናው ሥር ጠርተውኝ አንዲት ቀጭን ዘንግ አሳዩኝ። ከኋላ አክሰል ተነሥታ አካሉ ላይ ካለ የፍሬን ቫልቭ ጋር ትገናኛለች። መኪናው ሲጫን አካሉ ወደ አክሰሉ ይቀርባል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። መኪናው ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላው ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ይቀንሳል። «አንተ በሁለት ኢንች ከፍ ስታደርገው» አሉኝ ጋሼ፣ «ይቺ ዘንግ ዕድሜ ልኳን መኪናው ባዶ ነው ብላ ታስባለች።» ሰባት ሰው ጭኜ ዓባይን ስወርድ የኋላ ፍሬኔ ሥራውን በወጉ አልሠራም። ሁሉንም ሙቀት የበሉት የፊቶቹ ናቸው። የፍሬን ዘይቱም ለዓመታት አልተቀየረም። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይሆናል። እግሬ ሥር የነበረው ስፖንጅ እሱ ነው።

ልብ በሉ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብለው ከኋላ ያዩት ይህችን ዘንግ ነበር። «ከዚያ ፍሬኑን» ያሉኝም ለዚህ ነበር። እኔ «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር።

ቴስታታው ሲወርድ ስንጥቁ በዓይን ይታይ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስደን ነበር፤ «አይድንም» አሉን። ሶማሌ ተራ ሦስት ያገለገሉ አየን። ጋሼ ሁለቱን ገና ሳያነሱ መለሷቸው፣ ሦስተኛውን በናፍጣ አጥበው፣ ጠመኔ ቀብተው፣ ጠብቀው አዩና «ይቺም ጀምራለች» ብለው ተዉ። በመጨረሻ አዲስ ገዛሁ። ከወጪው ሁሉ ያ ነው የከበደው። ቆዳ ወንበሩን ለማሰፋት ያወጣሁት ገንዘብ በጊዜው ራዲያተሩን፣ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱንና ፍሬኑን በሙሉ ያሠራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ በብስጭት «ቱርቦውን አውጥተው ይጣሉልኝ» አልኳቸው። ጋሼ እምቢ አሉ። «ቱርቦው ምን አጠፋ? ተራውን ሳይጠብቅ ያስገባኸው አንተ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፋብሪካው ለዚሁ መኪና ቱርቦ ያለው ወንድም ሞተር ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሲሠራው የመጭመቂያውን ልክ ከ22 እጥፍ በላይ ከነበረው ወደ 18.6 አውርዶ፣ ቴስታታውንም ለውጦ ነው። ያለዚያ ዝግጅት ቱርቦ የሚጨመርበት ሞተር ትንሽ ነው መገፋት ያለበት። ስለዚህ ጋሼ ግፊቱን ዝቅ አደረጉት፣ ፖምፓው የሚሰጠውን ናፍጣ ቀነሱ። ጎማውን ወደ ፋብሪካው ልክ መለስን። ዘንጓ የምትታሰርበትን ቦታ አስተካክለው መኪናው ሲጫን እንድታውቅ አደረጓት። ቺንጊያውም ሲታይ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። ይህ ሞተር ታይሚንግ ቺንጊያው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ የሚበራ መብራት አለ። የእኔ መብራት አምፖሉ ተነቅሎ ነበር። ሻጭም ገዢም የማይወደው መብራት ነው።

እኔም ከእሳቸው ቤት ባዶ እጄን አልወጣሁም፣ ባዶ እጄንም አልገባሁም። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚለካ መለኪያ አስመጣሁና አስገባን። ጋሼ እስከዚያ ቀን ሞተሩን የሚያነቡት በጭሱ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ነጭ ሆኖ ካልጠፋ ውኃ ገብቷል። መለኪያውን ይዘን ሱሉልታ ወጣን። እሳቸው ጭሱን በመስተዋት እያዩ «አሁን ተወው» ሲሉኝ መለኪያው 650 ዲግሪ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ ከዚያ ብዙም አልራቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ደንብ ያ ነው፤ 650 ሲደርስ እግሬን አነሣለሁ። እሳቸውም ለሌሎች ደንበኞቻቸው ያንን መለኪያ ማዘዝ ጀመሩ። «የእኔን ዓይን ለልጆቹ ልተውላቸው አልችልም፤ ይሄን ግን ይገዙታል» አሉኝ።

እናቴስ? አንድ ቅዳሜ ጋሼን ቤት ለቡና ጠራኋቸው። እናቴ ስኒውን እያቀበለች «እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለቻቸው። «እኔ ነኝ እመዬ» አሉ። «ፍሬኑንም?» «ፍሬኑን በመጀመሪያ።» ሦስተኛውን ስኒ ጠጥታ «እንግዲያው ለደብረ ማርቆስ እሄድበታለሁ» አለች። የልጇን ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሰቀለች ሴት ናት፤ ያመነችው ግን ጋሼን ነው። አልተቀየምኩም።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት መኪና አታሳምሩ ለማለት አይደለም። እኔም አሁን ቆዳ ወንበሬ ላይ ነው የምቀመጠው፤ በጣም ይመቻል። የምለው፣ አንድ ነገር በጨመርን ቁጥር ዕዳውን የሚከፍል ሌላ ዕቃ አለ። ጉልበት ስንጨምር ራዲያተሩ ይከፍላል። ጎማ ስናሳድግ ፍሬኑ ይከፍላል። ከፍ ስናደርግ ዘንጓ ትሳሳታለች። ከፋዩ አቅም እንዳለው ሳናይ ከጨመርን በመጨረሻ የምንከፍለው እኛ ነን፤ ወይም ከኋላ የተቀመጡት።

ይህ ነገር ደግሞ የእኔ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖችን ቀረጥ እስከ 500 በመቶ አድርሶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለ ፖሊሲው የየራሳችን ሐሳብ ይኖረናል፤ ዛሬ እሱን አላነሣም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። አሁን በእጃችን ያሉት የነዳጅ መኪኖች በቶሎ የሚተኩ አይደሉም። ይጠገናሉ፣ ይቀየራሉ፣ ሞተር ይገባላቸዋል፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ዓባይን ይወርዳሉ። ያንን ሥራ የሚሠራው ሰባተኛና ሶማሌ ተራ ነው። እኛ የተማርነው ደግሞ እዚያ የለንም።

አንዱ ምክንያት ቋንቋ ይመስለኛል። እኛ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ጋራዡ የሚናገረው ደግሞ ከጣሊያን የወረሰውን ነው፤ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ። ያን የመጀመሪያ ቀን «ሲሊንደር ሄድ» ስላቸው ጋሼ ዝም አሉኝ፤ እኔ «አያውቁም» አልኩ። እሳቸው ደግሞ «ይሄ ልጅ ቴስታታ አያውቅም» ብለው ነበር፤ በኋላ ስቀው ነገሩኝ። ሁለታችንም ስለ አንድ ብረት ነበር የምናወራው።

ስለዚህ ለክፍሉ መምህራንና ለማኅበራችን ሦስት ትንንሽ ነገሮች አቀርባለሁ። አንድ፣ እንደ ጋሼ ያሉ ባለሙያዎች በዓመት ጥቂት ቀን ወደ ወርክሾፑ ይጋበዙ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አስተማሪ፣ የሚገባቸውም ይከፈላቸው። ሁለት፣ ለተግባር ልምምድ ከምንልካቸው ተማሪዎች ጥቂቶቹ ትልልቅ ድርጅት ሳይሆን ሰባተኛ ይሂዱ፤ አንድ ሥራ ብቻ ይሰጣቸው፣ ያዩትን በጋራዡም በመጽሐፉም ቋንቋ ጽፈው ይምጡ። ሦስት፣ መኪና ያለን ሁላችን ደብተር እንያዝ፤ ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ። የእኔ ደብተር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለሚፈልግ ተማሪ ክፍት ነው።

ይህን የምቸኩልበት ምክንያት አለ። የጋሼ ዓይን ባለፉት ዓመታት ደክሟል። አሁን ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ልጆቹ ሞተሩን ያስነሣሉ፣ እሳቸው «ሦስተኛው ኖዝል» ይላሉ። የሚያውቁትን አንድም ገጽ አልጻፉም። ዛሬ እንዲመጡ ጠይቄያቸው ነበር፤ «የተማሩ ሰዎች ፊት ምን እላለሁ?» ብለው ቀሩ። ይህን መልስ ለመምህሮቼ አደራ እላለሁ።

በመጨረሻ፣ ያ የተሰነጠቀው ቴስታታ እስካሁን ጋራዤ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ስንት ጊዜ «ለቆራሊዮ ስጠው» ብላኛለች። ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ጋሼ በቀይ ቀለም አስምረውበታል። ለክፍሉ ወርክሾፕ ልሰጠው ይዤው መጥቻለሁ፤ ውጭ መኪናው ውስጥ ነው። ከዚህ ስንወጣ የሚያወርድልኝ ሁለት ጉልበተኛ ተማሪ እፈልጋለሁ፤ ከባድ ነው።